የሂማላያ በረዶና የጋዜጣው ችኮላ

አንባቢዬ፣ ጋዜጣ ሲያነቡ እርሳስ ይይዛሉ? ካልያዙ ከዛሬ ጀምሮ ይያዙ። ትልቅ አኃዝ ባዩ ቁጥር በዳሩ ላይ «ማን አለው?» ብለው ይጻፉበት።

እኔ ለማመን የምዘገይ፣ ለመለወጥም የማልቸኩል ሰው ነኝ። ወጣቶች ይህን ጠባዬን እንደ ኋላ ቀርነት ይቆጥሩብኛል፤ ይቁጠሩት። ዳሩ ግን የፖለቲካውና የአየር ንብረቱ ወሬ አያያዝ ጠባዬን እንዳርም አላደረገኝም። (የምጠራው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

በ1948 አሜሪካን አገር ፕሬዚዳንት በተመረጠ ማታ፣ ቺካጎ ትሪቢዩን የተባለው ጋዜጣ የማተሚያ ሠራተኞች አድማ ስለ መቱበት ከልማዱ ቀድሞ ማተም ነበረበት። ስለዚህ ቆጠራው ሳያልቅ «ዲዊ ትሩማንን አሸነፈ» የሚል አርእስት አውጥቶ 150,000 ያህል ቅጂ በተነ። ያሸነፈው ትሩማን ነበር፤ ጋዜጣውንም በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ እየሣቀ ፎቶግራፍ ተነሣ። በ2016 ደግሞ ኒው ዮርክ ታይምስ በምርጫው ዕለት ሂላሪ ክሊንተን የማሸነፍ ዕድሏ ከመቶ 85 ነው አለ። ትራምፕ አሸነፈ። እርግጥ 85 መቶ አይደለም፤ ከሰባት ጊዜ አንዱን ሌላው ያሸንፋል ማለት ነው። ግን ስንቱ ጋዜጠኛ እንዲህ አድርጎ አስረዳ?

የምርጫ ስሕተት በአንድ ሌሊት ይጋለጣል። የአየር ንብረት ትንቢት ግን ማረጋገጫው ሠላሳና አርባ ዓመት ስለሚወስድ፣ ስሕተቱ አግብቶ ይወልዳል።

በ1999 ኒው ሳይንቲስት የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት አንድ የሕንድ ሊቅ አነጋግሮ፣ የማዕከላዊና የምሥራቅ ሂማላያ የበረዶ ግግር እስከ 2035 ሊጠፋ ይችላል ብሎ ጻፈ። በ2005 አንድ ታዋቂ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት ወሬውን በሪፖርቱ ጠቀሰው። በ2007 የአየር ንብረት ለውጥን የሚመረምረው የመንግሥታት ጉባኤ፣ በዚያው ዓመት የኖቤል የሰላም ሽልማት የተካፈለው ማለት ነው፣ ከዚያ ሪፖርት ወስዶ በታላቁ መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ጋዜጦችም ጉባኤውን ምስክር አድርገው አዳረሱት። ወሬው ከመጽሔት ወጥቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት ወደ ጋዜጣ ተመለሰ።

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን መንገድ ያውቀዋል። አንዱ በማስታወሻ ላይ «ይመስለኛል» ያለው፣ ሁለተኛው ሲገለብጠው «ተብሏል» ይሆናል፤ ሦስተኛው ዘንድ ሲደርስ «እንደ ተረጋገጠው» ተብሎ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የነበረው ጉዳይ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ኢንደስ፣ ጋንጀስና ብራህማፑትራ ከዚያ ተራራ በረዶ ውኃ ይቀበላሉ፤ የግድብና የመስኖ ዕቅድ በዚያ አኃዝ ላይ ሊቆም ይችል ነበር።

ረቂቁ ለምርመራ በዞረ ጊዜ የጃፓን መንግሥት «እርግጠኝነቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ቢሆንም ታተመ። በ2009 የሕንድ የአካባቢ ሚኒስትር ጃይራም ራሜሽ ተቃራኒ ጥናት ይዘው ቢቀርቡ፣ የጉባኤው ሊቀ መንበር ፓቻውሪ የጥንቆላ ሳይንስ ነው ብለው አጣጣሉት። በ2010 መጀመሪያ ግን ጉባኤው አንቀጹ በቂ ማስረጃ እንደሌለው አምኖ መጸጸቱን ገለጸ። ከሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ1996 የወጣ ጥናት፣ ከዋልታዎች ውጭ ያለው የዓለም የበረዶ ግግር ከ500,000 ወደ 100,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያንሰው በ2350 ነው ብሎ ነበር፤ ያው አኃዝ በ2007ቱ መዝገብ ላይ ለ2035 ተጽፎ ይገኛል። ዜሮዋ ቦታዋን ስትለውጥ 315 ዓመት ይጎድላል!

አሁን ደግሞ የራሴን ወገኖች ልቆጣ። ይህ በተገለጠ ጊዜ «እንግዲያስ የምድር መሞቅ ውሸት ነው» ብለው የጮኹ ነበሩ። ይህም ያው ችኮላ ነው፤ ካባውን ገልብጦ ለበሰ እንጂ። የሂማላያ በረዶ በእርግጥ እየቀለጠ ነው፤ ምድርም ከ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ወዲህ ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች፤ ዋናው ምክንያትም የሰው ልጅ የሚያነደው ከሰልና ነዳጅ ነው። በ1975 ኒውስዊክ ምድር እየቀዘቀዘች ነው ማለቱንም እንደ ማስረጃ ያመጡታል። ዳሩ ግን ከ1965 እስከ 1979 የወጡት የሳይንስ ጽሑፎች በ2008 ሲቆጠሩ፣ ሙቀትን የተነበዩት 44፣ ቅዝቃዜን የተነበዩት 7 ብቻ ሆነው ተገኙ። መጽሔቱ የጥቂቶቹን ድምፅ አጉልቶ ነበር።

እንግዲህ ነገ አለቃዎ ማስታወሻ አዘጋጁ ቢሉዎ፣ ጋዜጣ ቆርጠው ከመለጠፍዎ በፊት አኃዙን ማን እንደ ለካው፣ መቼ እንደ ለካው ፈልገው ያግኙ። ካላገኙት ቦታውን ባዶ ይተዉት። አለቃዎ ይቆጡ ይሆናል፤ የጃፓኑንም ጠያቂ የሰማው አልነበረም።