አዲስ አበባና መካነ ሰላም፦ የአየሩ ርቀትና የምድሩ መንገድ

በደቡብ ወሎ ዞን በቦረና ወረዳ የምትገኘውና በቀድሞው አስተዳደር የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው መካነ ሰላም፣ ከአዲስ አበባ በአየር ስትለካ 196 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ትርቃለች፤ በደሴ በኩል የሚዞረው የመኪና መንገድ ግን ወደ 580 ኪሎ ሜትር ስለሚደርስ በሁለቱ ልኮች መካከል ሦስት እጥፍ ገደማ ልዩነት አለ።

የአየሩን ርቀት ለማስላት ብዙ ድካም አያስፈልግም፤ ምክንያቱም ሁለቱ ከተሞች ከሰሜን ዋልታ እስከ ደቡብ ዋልታ በሚሰመረው አንድ የኬንትሮስ መስመር አጠገብ ስለሚገኙ፣ መካነ ሰላም ለአዲስ አበባ በቀጥታ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ላይ ሲገኝ፣ መካነ ሰላም 10 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱ 106 ደቂቃ ነው፤ በዚህ አለካክ የዲግሪ 60ኛ ክፍል የሆነው አንድ ደቂቃ አብራሪዎች ከሚጠቀሙበት ከአንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም ከ1,852 ሜትር ጋር ስለሚተካከል፣ 106 የባሕር ማይል ወደ 196 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

የምድሩን መንገድ የሚያስረዝመው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ መካከል ጀማና ወንጪትን የመሰሉ የዓባይ ገባሮች ደጋውን እየሰነጠቁ ጥልቅ ሸለቆ ስለፈጠሩ፣ ዋናው መንገድ ከአዲስ አበባ በምሥራቁ ጠርዝ ደሴ ድረስ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ከደሴ እስከ መካነ ሰላም እንኳ በአየር ከ110 ኪሎ ሜትር የማይበልጠው ርቀት በመኪና 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

የበረራ ሰዓትን ርቀትን ለፍጥነት በማካፈል ብቻ የሚያሰላ ሰው ይሳሳታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው የዲሲ 3 ዝርያ አውሮፕላኖች በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚበሩ፣ በሒሳቡ 196 ኪሎ ሜትሩን በ44 ደቂቃ ይጨርሱታል፤ በአገር ውስጥ መስመር የሚሠራው ኪው 400 ደግሞ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ከተባለ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። እውነተኛው በረራ ግን ወደ መንደርደሪያው ሜዳ መሄዱን፣ ሽቅብ መውጣቱን፣ ለማረፍ ዝቅ ማለቱንና ተራ መጠበቁን ስለሚጨምር፣ እንዲህ ባለ አጭር መስመር ላይ ፈጣኑ አውሮፕላን ሙሉ ፍጥነቱን ብዙም ሳይጠቀምበት ማረፊያው ይደርሳል። የፈጣኑ ብልጫ የሚታየው በረጅም ጉዞ ነው። በዚህ ላይ መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በሳሳ አየር ክንፉ በቂ ማንሻ ኃይል የሚያገኘው በበለጠ ፍጥነት በመሆኑ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ የቀኑ ሙቀትም ይህን ያባብሰዋል።

ከተማዋ ኤምኬኤስ በሚል ዓለም አቀፍ መለያ የተመዘገበ አነስተኛ ማረፊያ ያላት ብትሆንም፣ መደበኛው የመንገደኞች በረራ የሚያርፈው በደሴ አጠገብ ባለችው በኮምቦልቻ ነው። ስለዚህ ከቦሌ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በርሮ ኮምቦልቻ የወረደ መንገደኛ፣ ከቀጥታው የመካነ ሰላም የአየር ርቀት የበለጠ ተጉዞም፣ ወደ ምዕራብ የሚመለስበት 200 ኪሎ ሜትር ያህል የመኪና መንገድ ይቀረዋል።