ብርሃነ ዓይናቸው ስለ ደከመ አረጋውያን ጉባኤ



ጦቢት ዓይኑ በጠፋ ጊዜ ብቻውን አልነበረም፤ ሚስቱ ሐናና ልጁ ጦብያ አብረውት ነበሩ። ሆኖም ሐና ሠርታ ባገኘችው የፍየል ጠቦት ምክንያት «ሰርቀሽ ነው» ብሎ ተጣላት፤ ኋላም ሞቱን እስከ መለመን ደረሰ። ዓይኑ የደከመ አረጋዊ ከጨለማው ይልቅ የሚያስጨንቀው የለመደው ሥራ ከእጁ መውጣቱ ነው። እኛም በርኅራኄ «አባባ፥ እርስዎ ይቀመጡ» እያልን የቀረውን እንወስድበታለን።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር እንዲህ ያሉ አረጋውያን በየጊዜው የሚገናኙበት ጉባኤ ይደረግላቸዋል። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ የሚናገረው አስቀድሞ ስሙን ይጠራል፤ የሚገባና የሚወጣም ይነገራል። የሚማማሩት ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፤ ይኸውም ሲኒ መሙላቱን በድምፁና በክብደቱ ማወቅ፥ ብርን በአስተጣጠፉ መለየት፥ በበትር መንገድን መዳሰስ ነው። በአገራችን ሕፃን የበትሩን ጫፍ ይዞ ሽማግሌውን ይጎትታል፤ ደኅነኛው አካሄድ ግን ሽማግሌው ራሱ የመሪውን ክንድ ከክርኑ በላይ ይዞ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ መከተል ነው። ይህን የሚያይ ሰው ቢነግረው እንደ ትእዛዝ ይሆንበታል፤ እንደ እርሱ የማያይ ሲነግረው ግን ይቀበላል።

ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለ። ዓይናቸው የደከመ አንዳንድ ሰዎች በሌለበት ሕፃናትን፥ አበባን፥ ሕንፃን ያያሉ። አብደዋል ወይም መንፈስ አድሮባቸዋል እንዳይባሉ ፈርተው ለልጆቻቸው እንኳ አይናገሩም። የጄኔቫው ሊቅ ሻርል ቦኔ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1760 ይህ በአያቱ ላይ መድረሱን ጽፏል፤ አያቱም አእምሮው ጤነኛ ነበር። ከዓይን የሚላክለት ሥዕል ያነሰበት አንጎል ከራሱ ሥዕል ያወጣል። ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ነገር ግን በጉባኤው አንዱ «እኔም አያለሁ» ባለ ጊዜ የብዙ ወር ፍርሃት ይቀላል።

በአገራችን በ1998 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት፥ ከዓይነ ሥውራን ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ይህም በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። «እርጅና ነው» ብሎ የተቀመጠውን ከሐኪሙ ይልቅ ሞራው የተገፈፈለት ጎረቤቱ ያሳምነዋል። በዓይን ግፊት የጠፋው ብርሃን ግን አይመለስም፤ የቀረውን ለማትረፍ መድኃኒቱን አለማቋረጥ ያስፈልጋል።

አዲስ ቤት መሥራት አያስፈልገንም፤ ሰንበቴ አለን፥ ዕድር አለን። የሰንበቴው ሙሴ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መምጣት ያቆሙትን አባቶችና እናቶች ይቁጠር፤ የሚያመጣቸውንም ሰው ይወስን፤ ከተበላ ከተጠጣ በኋላም ለብቻቸው የሚነጋገሩበት አንድ ሰዓት ይስጣቸው። ጽዋው ሲደርሳቸው አቀባዩ ስሙን ተናግሮ በእጃቸው ያስጨብጣቸው። የመደገስ ተራቸውም ሲደርስ አይታለፉ።