ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፤ ሰምቶ የታዘዘ ሰው

አባቶቻችን «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላሉ። ታዛዥነት ትልቅ ነገር መሆኑን ሲያስተምሩን ነው። ነገር ግን እሺ ማለት ሁሉ መታዘዝ ነውን? ለመጣው ሁሉ እሺ የሚል ሰውስ ታዛዥ ይባላልን? ይህን ጥያቄ የሚመልስልን አንድ ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ስሙ አቤሜሌክ ይባላል። ታሪኩ በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 38 እና 39 ይገኛል። አጭር ስለሆነ ብዙ አንባቢ አልፎት ይሄዳል። እኛ ግን ዛሬ ቆም ብለን እንመልከተው።

አቤሜሌክ ማን ነበር?

አቤሜሌክ በኢየሩሳሌም በንጉሥ ሴዴቅያስ ቤት የሚያገለግል ጃንደረባ ነበር። ስሙ በዕብራይስጥ የንጉሥ አገልጋይ ማለት ነው። የዕብራይስጡ መጽሐፍ «ኩሻዊ» ይለዋል። ኩሽ ከግብፅ በስተ ደቡብ፣ በዓባይ ወንዝ ዳር የነበረ አገር ነው። አብዛኛው ክፍሉ ዛሬ በሰሜን ሱዳን ውስጥ ይገኛል። የግሪክ ተርጓሚዎች ኩሻዊ የሚለውን ቃል «ኢትዮጵያዊ» ብለው ስለ ተረጎሙት በእኛም መጽሐፍ ኢትዮጵያዊ ተብሏል።

እንግዲህ ይህ ሰው ከአገሩ ርቆ በሰው አገር የሚኖር፣ እንጀራውም በንጉሥ እጅ ያለ አገልጋይ ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሰው አፉን ዘግቶ ቢቀመጥ ማንም አይፈርድበትም ነበር።

ኢየሩሳሌም ስትከበብ

ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 587 ዓመት ገደማ ነው። የባቢሎን ንጉሥ የናቡከደነፆር ጦር ኢየሩሳሌምን ከቧት ነበር። ከበባው አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቆየ። እህል አለቀ፤ ረኃብ ገባ።

በዚህ ጊዜ ነቢዩ ኤርምያስ ከእግዚአብሔር የተቀበለውን ቃል ለሕዝቡ ይናገር ነበር። በከተማይቱ የሚቀር በሰይፍ፣ በረኃብና በቸነፈር ይሞታል፤ ወጥቶ እጁን ለባቢሎናውያን የሚሰጥ ግን በሕይወት ይኖራል አለ። ይህን መስማት ለመኳንንቱ መራራ ሆነባቸው። ይህ ሰው የወታደሩን እጅ ያደክማል፤ ለሕዝቡ ክፉውን እንጂ ደኅናውን አይመኝም ብለው ከሰሱት። ይገደል ብለውም ወደ ንጉሡ ቀረቡ።

ንጉሡስ ምን አለ? ሰውዬው በእጃችሁ ነው፤ እኔ እናንተን መከልከል አልችልም አላቸው። በእኛ አነጋገር እሺ አላቸው ማለት ነው።

መኳንንቱም ኤርምያስን ወስደው በግዞት ቤቱ አደባባይ ወዳለ ጉድጓድ በገመድ አወረዱት። ስለዚህ ጉድጓድ ትንሽ እናስረዳ። በኢየሩሳሌም በበጋ ዝናብ አይጥልም። ስለዚህ ሰዎች የክረምቱን ውኃ ለማጠራቀም ዓለቱን እየፈለፈሉ ጉድጓድ ያበጁ ነበር። ብዙውን ጊዜ አፉ ጠባብ፣ ውስጡ ሰፊ ነው። የገባበት ሰው ብቻውን መውጣት አይችልም። በዚያን ቀን በጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ እንጂ ውኃ አልነበረም። ኤርምያስም ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ንጉሡ ቀደም ሲል ከዳቦ ጋጋሪዎች ሰፈር በየቀኑ አንድ ዳቦ እንዲሰጠው አዝዞ ነበር። አሁን ግን በከተማው ዳቦ እያለቀ ነው፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ላለ እስረኛስ ማን ያስብለታል?

ጨርቁና ገመዱ

አቤሜሌክ ነገሩን ሰማ። ሰምቶም ዝም አላለም። ንጉሡ በብንያም በር ተቀምጦ ሳለ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ እርሱ ሄደ። ጌታዬ ንጉሥ ሆይ ብሎ በአክብሮት ጀመረ። ቀጥሎ ግን እነዚህ ሰዎች በነቢዩ ላይ ያደረጉት ክፉ ነው፤ በረኃብ ይሞታል ሲል ፊት ለፊት ተናገረ። ጉዳዩ በስውር ሊነገር ይችል ነበር። እርሱ ግን በከተማይቱ በር ላይ ተናገረ።

ንጉሡም 30 ሰዎች ይዘህ ሄደህ ነቢዩን አውጣው ብሎ አዘዘው። አየን አይደል? ለመኳንንቱ እሺ ያለው ንጉሥ ለአቤሜሌክም እሺ አለ!

አቤሜሌክ ጊዜ አላጠፋም። ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ከግምጃ ቤቱ በታች ካለው ክፍል አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ሰበሰበ። ይህንንም በገመድ አውርዶ ለኤርምያስ ሰጠው። ጨርቁን በብብቱ ሥር እንዲያደርግና ገመዱን በጨርቁ ላይ እንዲያስር ነገረው። ለምን? ኤርምያስ በረኃብ የደከመ ሰው ነው። ከጭቃ ሲጎተት ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ነው። ከዚያ በኋላ ሳቡት፤ ወጣም።

መጽሐፉ የአንድን ከተማ መጥፋት እየተረከ ስለ አሮጌ ጨርቅ መናገሩ ያስገርማል። ነገር ግን የአቤሜሌክ ልብ የታየው በዚህች ጨርቅ ነው። ትእዛዙ አውጣው የሚል ብቻ ነበር። አቤሜሌክ ግን እንዳይጎዳው አስቦ አወጣው።

ሰምቶ ያልታዘዘው ንጉሥ

ከዚህ በኋላ ሴዴቅያስ ኤርምያስን በስውር አስጠርቶ የእግዚአብሔርን ቃል ጠየቀው። ኤርምያስም እጅህን ብትሰጥ አንተም ትድናለህ፤ ከተማይቱም አትቃጠልም ብሎ ነገረው። ንጉሡ ሰማ፤ ነገር ግን አልታዘዘም። ቀደም ብለው ወደ ባቢሎናውያን የሄዱት አይሁድ ይሳለቁብኛል ብሎ ፈራ። ሳቁን ሲፈራ ሁሉን አጣ። ቅጥሩ በተሰበረ ጊዜ በሌሊት ሸሸ፤ በኢያሪኮ ሜዳ ተያዘ። ልጆቹ በፊቱ ተገደሉ፤ ዓይኖቹ ታወሩ፤ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ባቢሎን ተወሰደ።

ስለ አቤሜሌክ ግን ሌላ ቃል መጣ። እግዚአብሔር በኤርምያስ በኩል፣ በእኔ ታምነሃልና በዚያ ቀን አድንሃለሁ፤ ለምትፈራቸውም ሰዎች አልሰጥህም ብሎ ላከበት። ከዚህ ቃል አንድ ነገር እንረዳለን። አቤሜሌክም የሚፈራቸው ሰዎች ነበሩ። ጀግና ያደረገው ፍርሃት አለማወቁ ሳይሆን፣ ከፍርሃቱ ይልቅ እምነቱ መብለጡ ነው።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቆጠረው ተረፈ ባሮክ ደግሞ ታሪኩን ይቀጥላል። አቤሜሌክ ኤርምያስ በላከው ጊዜ በለስ ለማምጣት ሄደ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶም 66 ዓመት ቆየ። ሲነቃ በለሱ ትኩስ እንደ ነበረ፣ የከተማይቱንም ጥፋት እንዳላየ ይነገራል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ እምነት በእጅ ይታያል። ሐዋርያው ያዕቆብ ሥራ የሌለው እምነት የሞተ መሆኑን አስተምሯል። በአቤሜሌክ ታሪክ ውስጥ ረጅም ጸሎት ወይም ስብከት አልተጻፈለትም። የተጻፈለት መሄዱ፣ መናገሩና ገመድ መሳቡ ነው።

ሁለተኛ፣ መታዘዝ ለመጣው ሁሉ እሺ ማለት አይደለም። ሴዴቅያስ ለሁሉም እሺ አለ፤ ለእግዚአብሔር ግን እሺ ማለት አቃተው። አቤሜሌክ ንጉሡን አከበረ፤ ፈቃድ ጠይቆ በሥርዓት ሠራ። ሆኖም ክፉውን ክፉ ከማለት አልተመለሰም። በመንደራችን አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ቢወነጀል ሁላችንም እሺ ብለን ብንፈርም ያ ታዛዥነት አይደለም። ቀርቦ፣ አክብሮ፣ ይህ ልክ አይደለም ማለት ግን ለእግዚአብሔር መታዘዝ ነው።

ሦስተኛ፣ ደግ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ችግረኛን ስንረዳ እያዋረድን ከሆነ ገመዱን ያለ ጨርቅ ጣልንለት ማለት ነው። የታመመን ስንጠይቅ፣ ለእስረኛ ስንቅ ስናደርስ፣ ለተራበ እህል ስንሰፍር አነጋገራችንና አኳኋናችን ሰውየውን እንዳይልጠው እናስብ።

ሁላችንም ንጉሥ ፊት አንቆምም። ነገር ግን በየአካባቢያችን ጉድጓድ ውስጥ የተረሳ ሰው አይጠፋም። ይህን ሰምተናል። የሚቀረው ገመዱን ማንሣት ነው።

እንወያይ

1. ሴዴቅያስና አቤሜሌክ ሁለቱም ሰምተዋል፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. አቤሜሌክ ጨርቁን ለምን ፈለገ?
3. በእኛ ቀበሌ ማንም የማያስበው ሰው አለ ወይ? ምን ልናደርግለት እንችላለን?