ተጨማሪ መረጃ፦ ከጋምቤላ መጠለያ እስከ ልብ ወለድ

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በርካታ ሕፃናት በዛሬው ጋምቤላ ክልል፣ በዲማ፣ በኢታንግና በፑኝዶ መጠለያዎች ይኖሩ ነበር። በፑኝዶ ከኖሩት አንዱ ቫለንቲኖ አቻክ ዴንግ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ዴቭ ኤገርስ (እ.ኤ.አ. በ1970 የተወለደ) ታሪኩን ለዓመታት ከአንደበቱ ሰምቶ በ2006 (እ.ኤ.አ.) «ዋት ኢዝ ዘ ዋት» የተሰኘ ልብ ወለድ አሳተመ።

የልብ ወለዱን ተራኪ ቫለንቲኖን አትላንታ በሚገኘው መኖሪያው ውስጥ ዘራፊዎች አስረው ጥለውታል። አፉ ቢታፈንም እንዲጠብቀው ለተቀመጠው ትንሽ ልጅ ያሳለፈውን በልቡ ይተርክለታል። ከሁሉ የሚከብደው የጊሎ ወንዝ ትዕይንት ነው። ደርግ በወደቀበት በ1991 (እ.ኤ.አ.) ስደተኞቹ ከፑኝዶ ሲባረሩ ብዙ ልጆች ወንዙን ሲሻገሩ በጥይት፣ በውሃ ሙላትና በአዞ አልቀዋል።

ታሪኩ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ለምን ልብ ወለድ ተባለ? ሰው በሕፃንነቱ የሰማውን ንግግር ቃል በቃል ስለማያስታውስ ደራሲው ምልልሶቹን ራሱ ፈጥሯል። ይህ ሐቀኛ ምርጫ ነው። በእኛም አገር በዓሉ ግርማ በ«ኦሮማይ» እውነተኛውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ በልብ ወለድ ተርኮታል።

ከመጽሐፉ ሽያጭ የተገኘው ገቢ በቫለንቲኖ የትውልድ መንደር ማሪያል ባይ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለተከፈተው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውሏል።