ዋሾው ማነው፤ እሱ ወይስ ባትሪው?

«ከዛሬ ጀምሮ ስሙን እንዳታነሺብኝ! አብቅቷል!»

ይህን ያለችኝ አንድ ግቢ ውስጥ አብረን የተከራየን ጓደኛዬ ናት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። መብራት ከሄደ ቆይቷል። ደብረ ማርቆስ በጨለማና በብርድ ተጠቅልላ ተኝታለች። ጓደኛዬ በአንድ እጇ ሻማ ይዛ፣ ላፕቶፗን በብብቷ ሸጉጣ በሬ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ሰው የሞተባት መስሎኝ ክው አልኩ።

ውድ አንባብያን፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ተመራቂ ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን በማግስቱ ጠዋት ማስረከብ አለባት። ሁለት ዓመት አብሯት የቆየው ፍቅረኛዋ (ሽማግሌ ስለመላክ ሁሉ መነጋገር ጀምረው ነበር) ላፕቶፗን ለአንድ ቀን ተውሷት ነበር። «ፊልም እይበት፤ ግን ቻርጅ ሞልተህ መልስልኝ» ብላ ሰጠችው። እሱም አመሻሹ ላይ «ይኸው፣ ሞልቼ አመጣሁልሽ» ብሎ መለሰላት። ስትከፍተው እውነትም 100 ይላል። አንድ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ምንም አልደነገጠችም። ባትሪዬ ሙሉ ነው ብላ መጻፏን ቀጠለች። ሃያ ደቂቃ በቅጡ ሳይሞላ 100 የነበረው ወደ 30 ወረደ። ከዚያ... ድርግም!

«የሆነ ነገር ነካክቶ 100 እንዲል አድርጎት ነው እንጂ የሞላ ባትሪ እንዴት በግማሽ ሰዓት ያልቃል? ዛሬ በባትሪ የዋሸኝ ነገ በምን ሊዋሸኝ ነው?» አለችኝ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ለዚያች ሌሊት መላ አላጣንም። ጽሑፏን ፍላሽ ላይ የመገልበጥ ልማድ ስለነበራት የጠፋባት አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። የእኔ ላፕቶፕ 70 ላይ ነበር። የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ፣ ዋይፋዩን ዝግት፣ ከመጻፊያው ፕሮግራም በስተቀር የተከፈተውን ሁሉ ድርቅም አድርገን ዘጋን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጻፈችበት። ጠዋት አስረከበች። ልጁ ግን እንደተከሰሰ ቀረ። ይደውላል፣ አታነሳም። ይመጣል፣ «የለችም በይው» ትለኛለች። እኔ በመሀል ውሸታም ሆንኩ ማለት ነው!

ነገሩ ከነከነኝና ላፕቶፑን ይዤ አንድ የማውቀው ጥገና ቤት ሄድኩ። ልጁ ምንም አልፈታታም። «ኮማንድ ፕሮምፕት» የሚባለውን ጥቁር መስኮት ከፈተና በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወርሲኤፍጂ»፣ አንድ ክፍት ቦታ፣ እዝባር፣ ከዚያ «ባትሪሪፖርት» ብሎ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ አንድ ሪፖርት አወጣ። ዊንዶውስ 8ና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሁሉ ይህን ያወጣሉ፤ እናንተም ቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። አንዱ ባትሪው ፋብሪካ ሲሠራ የነበረው አቅም ነው፤ ሌላው ዛሬ ሞላሁ ሲል የሚይዘው። የጓደኛዬ የመጀመሪያው ወደ 40 ሺህ ሚሊ ዋት ሰዓት ይላል። ሁለተኛው 8 ሺህ!

«ጋኑ ስኒ ሆኗል፤ ስኒዋ ግን ሙሉ ናት» አለኝ ጠጋኙ እየሳቀ።

ገባችሁ? ስክሪኑ ጥግ ላይ የምናየው 100 ባትሪው አዲስ ሳለ ከነበረው ላይ የሚሰላ አይደለም። ዛሬ መያዝ ከሚችለው ላይ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ልጁ አልዋሸም። በትክክል ሞልቶ መልሷል። የሞላው ግን ስኒ ነው። ሂሳቡን እንየው። የእሷ ላፕቶፕ ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን ሲበራ፣ ሙዚቃና ኢንተርኔት ሲከፈትበት 16 ዋት ይበላል እንበል። 40 ዋት ሰዓት የያዘ ባትሪ ሁለት ሰዓት ተኩል ያቆየዋል። ብርሃኑን ቀንሳ መጻፍ ብቻ ብትጽፍበትና 8 ዋት ቢበላ አምስት ሰዓት። የዛሬው 8 ዋት ሰዓት ግን በ16 ዋት ግማሽ ሰዓት ነው፤ በቃ። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ቁጥሩን እንኳ አያከብርም። 30 ላይ፣ 25 ላይ እያለ ሳያስጠነቅቅ ይሞታል።

ታዲያ ማን ገደለው? እዚህ ላይ ነው ጓደኛዬ የተቀየመችኝ። ራሷ ናት!

መብራት ይሄድብኛል ብላ ስለምትፈራ ላፕቶፗን ሌት ተቀን ከሶኬት አትነቅልም። ማርቆስ ደግሞ ብርድ ነው። አልጋ ላይ ወጥታ፣ ጋቢዋን እግሯ ላይ ደርባ፣ ላፕቶፑን ጋቢው ላይ አስቀምጣ ነው የምትሠራው። የአየር መውጫው ይታፈናል፤ ከታች እንደ ምጣድ ይግላል። እሷ እንዲያውም «ጉልበቴን ያሞቅልኛል» ትል ነበር። ዛሬ ላፕቶፖቻችን ውስጥ ያለው ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ሁለት ነገር አይወድም፤ ሙቀትና ሁልጊዜ 100 ላይ ተወጥሮ መቀመጥ። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አለቀለት። እሷ ለሁለት ዓመት ሁለቱንም አጣምራ ሰጠችው።

የሚገርመው የእኛ አገር ብርድ ለባትሪ ወዳጅ መሆኑ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር በላይ ነው ያለነው። እዚህ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ባትሪ ቆላ ካለው ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። አደጋው ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ነው፤ እሱ ደግሞ ጮቄ ተራራ ላይ ሜዳ ካላደራችሁ በቀር አያጋጥማችሁም። ብቻ አንድ ነገር አለ። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ የላፕቶፑ ማራገቢያ ሙቀቱን እንደ ልብ አያወጣም። ጋቢ ሲጨመርበት አስቡት። ጋቢው ለእናንተ፣ ጠረጴዛው ለላፕቶፑ!

የአከራያችን ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔማ ሁልጊዜ ዜሮ እስኪገባ ጨርሼ ነው ቻርጅ የማደርገው፤ እንዲያ ነው የሚባለው» አለ። የሚባለውስ እውነት ነው፤ ጊዜው ነው ያለፈበት። ይህ ምክር የመጣው ኒኬል ካድሚየም ከሚባለው ከድሮው ባትሪ ነው። እሱ በግማሽ እየተሞላ ከቆየ ግማሹን «ልምድ» ያደርገዋል ይባል ነበር። ሶኒ ሊቲየም አዮንን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። የሠሩት ሦስት ሊቃውንት፣ ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ፣ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመውበታል። ጉድኢናፍ ሲሸለሙ 97 ዓመታቸው ነበር፤ ከባትሪያቸው የበለጠ የቆዩ ሰው! ሊቲየም ዜሮ መግባትን አይወድም። ከ20 እስከ 80 መሀል ሲመላለስ ነው ደስ የሚለው።

«እሺ፣ 80 ላይ ልነቅለው፤ መብራት በሄደ ጊዜስ?» ትሉኝ ይሆናል። ሐቅ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ግድብ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ጎጃምን ዞሮ በሚሄደው በራሳችን አባይ ላይ። ነገር ግን ኃይሉ እስከ ቤታችን ሶኬት በሽቦ፣ በምሰሶና በትራንስፎርመር ነው የሚመጣው። አንዱ ሲበላሽ ሻማ እንፈልጋለን። ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። በአዘቦት ቀን 80 ላይ አቆማለሁ። ሌኖቮ፣ አሱስ፣ ዴልና ኤችፒ ይህን ራሳቸው እንዲያደርጉ የሚታዘዙበት ቦታ ብዙዎቹ ሞዴሎቻቸው ላይ አለ፤ አንድ ጊዜ ካዘዛችሁት እየሰኩ መንቀል የለም። የማስረክበው ሥራ ካለብኝ ወይም ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ከጀመረ ግን 100 አደርገዋለሁ። ባትሪ ለዚያ ቀን ነው የተገዛው። ለአንድ ሌሊት 100 መሙላት አይገድለውም፤ ሁለት ዓመት 100 ላይ ማሰር ነው የሚገድለው።

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ከሶኬት ንቀሉ። ተመልሶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርምና ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩት። ፊልሙን ደግሞ ለስልካችሁ ተዉት።

አንድ የራሴን ጥፋት ልጨምር። ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ላፕቶፔን ክዳኑን ብቻ ከድኜ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት። ጠፍቷል ብዬ ነው፤ ለካ ተኝቶ ነበር እንጂ አልጠፋም! የተኛ ላፕቶፕ ባትሪ ይበላል። አንዳንዱ ቦርሳ ውስጥ ይነቃና ይሠራል። አባይ በረሃን ወርደን ስንወጣ፣ በዚያ ሙቀት ላይ፣ ቦርሳዬን ብነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል። አዲስ አበባ ስደርስ ባዶ ነበር፤ ያላስቀመጥኩት ጽሑፍም አብሮ ሄደ። አሁን «ሃይበርኔት» የሚባለውን ነው የምጠቀመው። የከፈታችሁትን ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ጽፎ ይጠፋል፤ ስትከፍቱት ካቆማችሁበት ይጀምራል። ካጣችሁት ኮንትሮል ፓናል ገብታችሁ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፈልጉት።

ጓደኛዬ አሁን ባትሪ አዝዛለች። ጠጋኙ ሁለት ነገር አስጠንቅቋታል። የባትሪው ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቻርጀር ከቀየርሽም ቮልቱ አንድ ይሁን፣ አምፒሩ ከዋናው አይነስ ብሏታል። አሮጌው ባትሪ አብጦ የመዳፊያውን ሰሌዳ ወደ ላይ ከገፋው ደግሞ፣ እናንተም ልብ በሉ፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትውጉት፣ አትጫኑት። እሳት ይነሳል።

«ይቅርታ ጠየቅሽው ወይ?» አልኳት ትናንት።

ሪፖርቱን አሳትማ ደብተሯ ውስጥ አስቀምጣለች። 40 ሺህና 8 ሺህ የሚሉትን ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ከብባቸዋለች።

«ባትሪው ከአዲስ አበባ ይምጣ» አለችኝ። «ይዤለት እሄዳለሁ።»