‘ሲስተም የለም’ ሲባል ሰርቨሩ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ኬንያና ኢትዮጵያ በሚጋሯት የድንበር ከተማ ሞያሌ፣ ኅዳር 30/2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገራት መሪዎች ኡሁሩ ኬንያታ እና ዐቢይ አሕመድ አንድ የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ መርቀዋል። ዓላማው መንገደኛም ሆነ ጭነት ሁለት ቦታ መቆሙ ቀርቶ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲፈተሽ ነው።

ፍተሻውም ክፍያውም ግን በኮምፒውተር ላይ የተመሠረተ ነው። ኮምፒውተሩ ሲዘገይ ነጋዴውም ሾፌሩም በየመስኮቱ የሚሰሙት መልስ የታወቀ ነው፦ “ሲስተም የለም”።

ብዙውን ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ኔትወርክ ላይ ነው። መንስኤው ግን ሰርቨሩ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ተቋማት ወጪ ለመቆጠብ የደመወዝ፣ የክፍያና የደንበኞች ዳታቤዞችን በአንድ ሰርቨር ላይ ያኖራሉ። ሁሉም አንድ ፕሮሰሰር ስለሚጋሩ፣ አንዱ ከባድ ሪፖርት ሲያወጣ ሌላው ወረፋ ይጠብቃል።

ሐምሌ 2015 ዓ.ም. የኬንያ መንግሥት አገልግሎቶች የተሰባሰቡበት ኢ-ሲቲዝን በሳይበር ጥቃት ሲጨናነቅ በርካታ አገልግሎቶች አብረው ተስተጓጉለዋል። መንስኤው የተለየ ቢሆንም፣ አንድ በር የሚጋሩ ሁሉ መጨናነቁንም እንደሚጋሩ አሳይቷል።

ታዲያ ፕሮሰሰሩን የያዘው የትኛው ዳታቤዝ ነው? የኮምፒውተሩ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ “95 በመቶ” ከማለት ያለፈ አይነግርም፤ ለእርሱ ዳታቤዞቹ በሙሉ አንድ ፕሮግራም ናቸው። እንደ ኤስኪውኤል ሰርቨር ያሉ ሶፍትዌሮች ግን እያንዳንዱ ጥያቄ የወሰደውን የፕሮሰሰር ጊዜ ይመዘግባሉ። ይህን በየዳታቤዙ መደመር ይቻላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያዎች ይሳሳታሉ። ቁጥሩ የተጠራቀመ በመሆኑ የትናንቱን ከዛሬው ይቀላቅላል፤ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳም ይሰረዛል። ስለዚህ በ10 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክቶ ማቀናነስ ያስፈልጋል። ባለ 4 ኮር ሰርቨር በ10 ደቂቃ 2,400 ሰከንድ የፕሮሰሰር ጊዜ አለው። አንዱ ዳታቤዝ 1,800ውን ከወሰደ ሦስት አራተኛው የእርሱ ነው። ውጤቱ ግምት መሆኑ ግን አይዘነጋ፤ ከአንዱ ዳታቤዝ የተነሳ ጥያቄ የሌላውን መረጃ ሊያነብ ይችላልና።

አዲስ ሰርቨር መግዛት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ የመጨረሻው መሆን ሲገባው። አንዳንዴ የጎደለ አንድ ማውጫ መጨመር፣ ወይም የወር መጨረሻውን ሪፖርት ወደ ሌሊት ማዛወር ወረፋውን ያቃልላል።