ከዘፈኑ በፊት ሠላሳ ሰከንድ

በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ዲኬተር ላይ የሚደመጠውን 91.1 ኤፍ ኤም የኮሌጅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የሚያሰናዱት የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ግን ማንም የፈለገውን ዘፈን ስልኩ ላይ ያገኛል፤ ስለዚህ የኮሌጅ ሬዲዮ አዘጋጅ ዋና ሥራ ዘፈን ማቅረብ ሳይሆን ለዘፈኑ ጆሮ ማዘጋጀት ነው እላለሁ። ለምሳሌ የኢትዮ-ጃዝ ሙዚቀኛውን የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ እንውሰድ። ቪብራፎኑን ብቻ የሰማ ተማሪ «ደስ የሚል ጃዝ» ብሎ ያልፈዋል። አዘጋጁ ግን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ የሚሠሩ ቅኝቶች መሆናቸውን ነግሮ መጀመሪያ ትዝታን በክራር ቢያሰማው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሙላቱን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል ራሱ ማብራሪያ ነው።

«ወሬ ያሰለቻል፣ ሙዚቃው ራሱ ይናገር» የሚሉ አሉ። ሲበዛ አዎ፤ በዜማው መግቢያ ላይ ማውራትማ ዘፈኑን መግደል ነው። ዝም ማለትም ግን አድማጩን ባዶ እጁን መስደድ ነው። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን እንደጀመረ፣ የመጀመሪያ ሸክላውም የድምፃዊ አለማየሁ እሸቴ እንደነበር ለመናገር ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ዘግቶ አለማየሁን ማስገባት ነው።